ነርቩ የተጋለጠ ጥርስ ሁሉ አይነቀልም

ደሴ ውስጥ ጥርስ አክማለሁ። ከሐይቅ፣ ከኩታበር፣ ከወረኢሉ፣ አንዳንዴም ከወገል ጤና ድረስ ሰው ይመጣል። ነርቩ ተነክቷል የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሊያስነቅል ቆርጦ ነው፤ ነርቭ አንዴ ከታየ ነገሩ አብቅቷል ብሎ ያምናል። በዚህ እምነት የተነሳ መዳን የሚችል ጥርስ ሲጣል ማየት ስለሰለቸኝ ይህን የውይይት ክር ከፈትኩ።

በመነሻ ጽሑፌ ያስቀመጥኩት ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከላይ ኢናሜል የሚባል ጠንካራ ልባስ አለ፤ ከሥሩ ዴንቲን አለ፤ በመካከሉ ደግሞ የደም ሥር፣ ነርቭና ሕያው ሴሎች የሞሉበት ለስላሳ ሥጋ፣ ማለትም ፐልፕ አለ። ብስባሱ፣ ስብራቱ ወይም የሐኪሙ መቦርቦሪያ እዚህ ሥጋ ላይ ሲደርስ ፐልፑ ተጋለጠ እንላለን። የተጋለጠው ሥጋ ጤነኛ ከሆነ፣ ደሙ በጊዜ ከቆመ፣ ተህዋስያን እንዳይደርሱበትም በደንብ ከተዘጋ፣ በራሱ ላይ አዲስ ዴንቲን ሠርቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። የሚያድነው ከላይ የምናኖረው መድኃኒት ሳይሆን ጥርሱ ራሱ ነው። መድኃኒቱ ይቀሰቅሳል፣ ሙሌቱ ይጠብቃል። ስለዚህ ታካሚ ጥርሴን ንቀሉልኝ ከማለቱ በፊት ነርቩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ ከላይ ያለው ሙሌትም መቼና በምን እንደሚዘጋ ይጠይቅ አልኩ። ከዚያ በኋላ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው እተርካለሁ። የሁሉንም እኩል አላብራራም፤ አንዳንዱ ብዙ ያስቆማል፣ አንዳንዱ ያሳልፋል።

መልስ 1 የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። የጻፉት የሥነ ሕይወት መምህርት ናቸው። እጅዎን ይባርከው ብለው ከመረቁኝ በኋላ ጠንካራ ጥያቄ አነሡ። ዴንቲን የሚሠሩት ኦዶንቶብላስት የሚባሉ ሴሎች በፐልፑ ዳርቻ ተሰልፈው የሚኖሩ ናቸው፤ አንዴ ሥራቸውን ከያዙ በኋላም አይባዙም። እንዲህ ከሆነ መቦርቦሪያው ጠርጎ ካጠፋቸው በኋላ አዲሱን ዴንቲን ማን ይሠራዋል?

በመልስ 2 የማውቀውን አስረዳሁ። መምህርቷ ልክ ናቸው፤ የጠፉት ኦዶንቶብላስቶች አይመለሱም፣ የተረፉትም ተባዝተው አይተኳቸውም። ነገር ግን በፐልፑ ውስጥ ገና ሥራቸውን ያልለዩ ግንደ ሴሎች አሉ። ዴንቲን ድሮ ሲሠራ በውስጡ የታሰሩ የዕድገት ፕሮቲኖችም አሉ። ጥርሱ ሲቆረጥ ወይም መድኃኒት ሲነካው እነዚህ ፕሮቲኖች ይለቀቁና ግንደ ሴሎቹን ወደ ቁስሉ ጠርዝ ይጠራሉ። ለረጅም ዘመን የተለመደው መድኃኒት ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ፒኤቹ 12.5 አካባቢ የሆነ ጠንካራ አልካሊ ስለሆነ የነካውን የፐልፕ ገጽ በስሱ ያቃጥለዋል። ከተቃጠለው ንብርብር ሥር ያለው ሕያው ሥጋ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ ይረጋጋል፣ ቀጥሎ ግንባታ ይጀምራል። በቅድሚያ የሚጣለው ሥርዓት የሌለው፣ አጥንት የሚመስል ሻካራ ንብርብር ነው። ከእርሱ ሥር የሚሰለፉት አዳዲስ ሴሎች ደግሞ ጥቃቅን ቱቦዎች ያሉትን፣ ከቀድሞው ዴንቲን ጋር የሚቀራረበውን ይሠራሉ። በአንድ ወር ገደማ ቀዳዳውን የሚሸፍን ስስ የዴንቲን ድልድይ ይታያል፤ በወራት ውስጥ ይወፍራል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ፣ ልበጥ ቢል ቦታ የሌለው፣ ደም የሚደርሰው በሥሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ የሆነ ሥጋ ራሱን ይጠግናል።

መልስ 3 ደሴ ሸዋበር ያደጉ አንድ አባት የጻፉት ረጅም ትዝታ ነው። በልጅነታቸው ጥርሱን ያመመው ሰው የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ተደርጎ ጭሱን በአፉ እንዲቀበል ይደረግ እንደነበር፣ ትሉ ወደቀ ተብሎም እልል ይባል እንደነበር፣ ያልተሻለው ደግሞ በጉጠት ያስነቅል እንደነበር ተረኩ። እናታቸው ግን ቅርንፉድ ወቅጠው በጥጥ ያኖሩላቸው ስለነበር በቅርንፉድ እስከ ዛሬ ያምናሉ። ነርቩ በታየ ጥርስ ላይ ቅርንፉድ ቢደረግ ምን ይጎዳል ብለው ጠየቁ።

በመልስ 4 ከሐይቅ የጻፈ ፋርማሲስት አባቴ እያለ በአክብሮት መለሰላቸው። ጥርስ ውስጥ ትል የለም፤ ጥርስን የሚያበሰብሰው ከስኳር አሲድ የሚሠሩ ተህዋስያን ናቸው። የቅርንፉድ ዘይት ግን እውነተኛ ማስታገሻ አለው፤ ዩጂኖል ይባላል። የጥርስ ሐኪሞችም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር አቡክተው ለጊዜያዊ ሙሌት ይጠቀሙበታል። በመካከሉ ዴንቲን ካለ ጥቂት ጥቂት እየዘለቀ ሕመሙን ያበርዳል። በቀጥታ በተራቆተ ፐልፕ ላይ ሲውል ግን ሴሎቹን ይመርዛል፤ ቁጣው አይበርድም፣ ድልድዩም አይሠራም። ይህን የመሰለ ጥርት ያለ መልስ ከፋርማሲ መደርደሪያ ጀርባ ያለ ሰው ሲሰጥ ማየት ደስ ይላል። ብዙ ሰው ሕመሙን መጀመሪያ የሚነግረው ለእርሱ ነውና።

መልስ 5 ከደሴ ወልድያ መስመር የሚሠራ ሾፌር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንጋጋው ሲሞላ ነርቩ መታየቱ ተነግሮት ነበር። መድኃኒት ተደርጎበት ተሞላ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት እየቀሰቀሰ አሠቃየውና አንድ ቀን በድንገት ዝም አለ። እኔ ያልኩትን በሕይወቱ እንዳየው፣ ጥርሱ በራሱ እንደዳነ ጽፎ አመሰገነኝ።

መልስ 6 ላይ ድምፁ ተለወጠ። የወልድያ የሙያ ባልደረባዬ ሾፌሩን ሳይሸፋፍን ነገረው። ማንም ሳይነካው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና ለረጅም ጊዜ የማይለቅ ሕመም ነርቩ ከመዳን እንዳለፈ የሚያመለክት ነው። እንዲህ ያለ ሕመም በድንገት ሲጠፋ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የሞተ ነርቭ አያምም፤ ተህዋስያኑ ግን ወደ ሥሩ ጫፍ ወርደው አጥንት ይበላሉ። ባልደረባዬ በዚህ ሳይወሰን፣ ዝም ማለትን መዳን የሚል ሰው ሌላውንም ያሳስታል ብሎ ጨመረ። በመልስ 7 ሾፌሩ ተቆጣ። የራሱን አፍ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ጽፎ ወጣ። ባልደረባዬ የተናገረው ነገር ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ሰው አባረረ። ይህንንም እዚያው ጻፍኩለት።

በመልስ 8 ትምህርቷን ለመጨረስ የተቃረበች የጥርስ ሕክምና ተማሪ ውይይቱን ወደ መሠረቱ መለሰችው። እ.ኤ.አ. በ1965 ካከሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጀራልድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሠሩትን ሙከራ ተረከች። ሁለት ወገን አይጦች ወሰዱ። አንደኛው ወገን እንደማንኛውም አይጥ ያደገ ነው፤ ሌላው ከተወለደ ጀምሮ አንድም ተህዋሲ በሌለበት አየርና ምግብ ያደገ ነው። የሁሉንም መንጋጋ እስከ ፐልፑ ቦረቦሩና ተዉት። መድኃኒት የለ፣ ሙሌት የለ፤ ምግብ በቀዳዳው ገብቶ ይጠቀጠቃል። በተለመዱት አይጦች ፐልፑ ሞተ፣ መግልም ቋጠረ። ተህዋሲ በሌለባቸው አይጦች ግን ከ14ኛው ቀን ጀምሮ የዴንቲን ድልድይ ታየ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ቀዳዳው ተደፍኖ ተገኘ። ተማሪዋ ከዚህ የደረሰችበት መደምደሚያ አጭር ነው፤ መጋለጥ ብቻውን አይገድልም፣ የሚገድለው የሚከተለው ተህዋሲ ነው። ስለ ፐልፕ መዳን ከተሠሩ ሙከራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላውቅም። የጥርስ ሕክምና የሚማር ሁሉ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚለውን ስም ከመሸምደዱ በፊት ይህን ቢያነብ እመኛለሁ።

የወልድያው ባልደረባዬ በመልስ 9 ተመለሰ። ወሎ ውስጥ ተህዋሲ የሌለበት አፍ አሳዩኝ ብሎ ጀመረ። አብዛኛው ታካሚ የሚመጣው በብስባስ ምክንያት ስለሆነ ፐልፑ ከመጋለጡ በፊትም ተህዋሲው ደርሶበታል። ስለ መድኃኒቱም ቢሆን ልዩነት የለም የሚል ሰው ቁጥር ይመልከት ብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ሒልተንና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ በተራ ክሊኒኮች ያደረጉትን ንጽጽር አቀረበ። ፐልፑ በቀጥታ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከተሸፈነው ጥርስ በሁለት ዓመት ውስጥ 31.5 በመቶው ሳይሳካ ቀረ። ኤምቲኤ በተባለው አዲሱ መድኃኒት ከተሸፈነው ያልተሳካው 19.7 በመቶ ነው። መድኃኒቱ ከዳር ቆሞ የሚጠብቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣ ነበር?

ጥያቄው የሚገባ ስለሆነ በመልስ 10 ጊዜ ወስጄ ጻፍኩ። ቁጥሩን እቀበላለሁ፤ ኤምቲኤ ማግኘት ለሚችል ኤምቲኤ ይሻለዋል። ነገር ግን የሚሻልበትን ምክንያት እንይ። እ.ኤ.አ. በ2000 ባርተልና ባልደረቦቿ ከጀርመን ያወጡት ጥናት አለ። በብስባስ ምክንያት ተጋልጠው በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተሸፈኑ ጥርሶችን ከዓመታት በኋላ ጠርተው አዩአቸው። በአምስት ዓመት 45 በመቶ ያህሉ፣ በአሥር ዓመት ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ ከሽፈው አገኙ። አስደንጋጭ ቁጥር ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ ግን ለጥርሱ መትረፍ ጎልቶ የታየ አንድ ነገር አለ፤ ቋሚው ሙሌት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የተሠራለት ጥርስ ከሌላው የተሻለ ዕድል አገኘ። ጊዜያዊ ሙሌት አድርጎ ከወር በኋላ ተመለስ ማለት ተህዋሲውን በር ከፍቶ መጋበዝ ነው። ኮክስና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1987 በጦጣ ጥርስ ላይ እንዳሳዩት፣ ከላይ በደንብ እስከታሸገ ድረስ ፐልፑ ለጥርስ መርዝ ናቸው ይባሉ በነበሩ የሙሌት ዓይነቶች ሥር ጭምር ይድናል። እኔ መድኃኒት አይለይም አላልኩም። መድኃኒት የሚለየው ከሁሉ በፊት አጥብቆ በመዝጋቱና ሳይሟሟ በመቆየቱ ነው እላለሁ።

በመልስ 11 ተማሪዋ ሁለታችንንም የሚያገናኝ ነገር አመጣች። እ.ኤ.አ. በ1996 እነ ኮክስ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሥር የተሠሩ ድልድዮችን በማይክሮስኮፕ መረመሩ። 89 በመቶው ከላይ እስከ ታች የሚያልፉ መተላለፊያ ቀዳዳዎች ነበሩት። መድኃኒቱ ደግሞ በጊዜ ብዛት ይሟሟል። ስለዚህ ሙሌቱ ዳር ላይ ማስገባት ሲጀምር ተህዋሲው ባዶ ቦታ ያገኛል፣ ከዚያ በድልድዩ ቀዳዳዎች አልፎ ፐልፑን ይደርስበታል። በኤክስሬይ ላይ ድልድዩ እንደ ነጭ መስመር ታየ ማለት ጥርሱ ዳነ ማለት አይደለም የሚለው ማሳሰቢያዋ ለእኛ ለሐኪሞቹ የተጻፈ ነው። ነገሩ ምን ያህል እንደቆየ ለማሳየትም፣ ፊሊፕ ፕፋፍ የተባለው የፕሩሲያው ንጉሥ የፍሬድሪክ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1756 የተጋለጠ ፐልፕን በወርቅ ስለመሸፈን እንደጻፈ፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ኸርማን በተባለ ጀርመናዊ አማካይነት በ1920 ወደ ሙያው እንደገባ ጨመረች።

መልስ 12 ያልጠበቅነው ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የግንባታ ሥራ የሚሠራ ሰው ስለ ኤምቲኤ ሲያነብ የተጠቀሱት ውሕዶች ሲሚንቶ ውስጥ ያሉት ሆነው እንዳገኛቸው ጻፈ። ሲሚንቶ እጅ እንደሚልጥ በራሱ ቆዳ ስለሚያውቅ፣ ይህ ነገር ሰው አፍ ውስጥ እንዴት ይገባል ብሎ ጠየቀ። ነገሩ አንድ ከሆነስ ለምን ይወደዳል?

እኔ በመልስ 13 ትዝብቱ ትክክል መሆኑን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1993 በካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ቶራቢነጃድና ባልደረቦቹ ለሙያው ያስተዋወቁት ኤምቲኤ በዋናነት ከፖርትላንድ ሲሚንቶ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ውኃ ሲነካው ጠጥሮ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያመነጫል። እጁን የሚልጠው አልካሊና ፐልፑን የሚቀሰቅሰው አልካሊ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ኤምቲኤ ከዚያ በኋላ የማይሟሟ ጠጣር ሆኖ በቦታው መቅረቱ ነው። በኤክስሬይ እንዲታይ ቢስመዝ ኦክሳይድ ተጨምሮበታል፤ የፊት ጥርስን ወደ ግራጫ የሚያጠቁረውም ይኸው ነው። ለመጠጠር ሰዓታት ይፈልጋል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ባዮዴንቲን በ12 ደቂቃ አካባቢ ይጠጥራል፤ በቢስመዝ ፈንታ ዚርኮኒየም ስላለበትም እንደዚያ አያጠቁርም። የመወደዱ አንዱ ምክንያት ንጽሕናው ነው፤ ለሕንጻ የሚውለው ሲሚንቶ እንደ አርሴኒክና እርሳስ ያሉ ብረቶች ሊኖሩበት ይችላል፣ ቅንጣቱም ሻካራ ነው። በመልስ 14 የሐይቁ ፋርማሲስት ማንም ይህን አንብቦ በቤቱ እንዳይሞክር በጠንካራ ቃል አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው አልበዛም።

መልስ 15 ክሩን በጣም ያጋለው ነው። አንድ ሰው የጥርስ ሐኪሞች ይድናል እያሉ አንዴ ያስከፍላሉ፣ ሲከሽፍ ለሥር ሕክምና፣ ማለትም ነርቩን አውጥቶ ሥሩን ለመሙላት፣ ሁለተኛ ያስከፍላሉ፣ በመጨረሻም ይነቅሉና ሦስተኛ ያስከፍላሉ፤ መጀመሪያውኑ የነቀለ ድሃ ሦስት ጊዜ ከመክፈል ዳነ ብሎ ጻፈ። የወልድያው ባልደረባዬ እንደገና ነደደ፤ ጥርስ መንቀልን እንደ ቁጠባ የሚቆጥር ሰው ከዓመታት በኋላ ስለሚያጣው ማኘክና ስለሚያዘነብሉት ጎረቤት ጥርሶች ያስብ ብሎ መለሰለት። እኔ ከቁጣው ይልቅ የቅሬታውን ፍሬ እወስዳለሁ። ሽፋኑ ሊከሽፍ እንደሚችል፣ ቢከሽፍ ምን እንደሚደረግና ስንት እንደሚያስወጣ ከመጀመሪያው ቀን ያልተነገረው ታካሚ ተታለልኩ ቢል እውነቱን ነው። ሰውየው የት ክሊኒክ ይህ እንደደረሰበት ሊጽፍ ሲል ስም እንዳይጠራ ጠይቄው ተወው።

መልስ 16ም የባልደረባዬ ነው፤ በዚህኛው ግን በርዶ የክሩን ምርጥ የሙያ ምክር ሰጠ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ብስባሱ ጥልቅ ሆኖ ጥርሱ ገና ሕያው ከሆነ፣ ዳር ዳሩን ሙሉ በሙሉ አጽድቶ ከፐልፑ አናት ላይ ያለውን ለስለስ ያለ ዴንቲን በጥቂቱ መተውና ወዲያው አጥብቆ መሙላት ይሻላል። ከታሸገው ሙሌት ሥር የቀሩት ተህዋስያን ምግብ አጥተው ይዳከማሉ፣ ፐልፑም ሳይራቆት ይተርፋል። ሁሉንም ካላጸዳሁ ብሎ እስከ ነርቭ መቦርቦር የድሮ ትምህርት ነው። የአውሮፓ የጥርስ ሥር ሕክምና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የአቋም መግለጫ ጥልቅ ብስባስ ላይ መጋለጥን ማስቀረትን ይመክራል።

ቀጥሎ የመጣው መልስ 17 ነው፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የነካኝም እርሱ ነው። አንዲት እናት ከወገል ጤና ጽፋለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ኳስ ሲጫወት ወድቆ የላይኛው የፊት ጥርሱ ተሰብሯል፤ በስብራቱ መካከል ቀይ ነጥብ ይታያል። ከወደቀ ቀናት አልፈዋል። ሰዎች ጊዜው አልፏል፣ ይነቀላል ብለዋታል። የመንገድ ገንዘብ አጠራቅማ ደሴ ብትደርስ በከንቱ እንዳይሆን ፈራች።

አብሽሪ እህቴ ብዬ በመልስ 18 ጻፍኩላት። እ.ኤ.አ. በ1978 ሚዮሚር ስቬክ የተባለ የስዊድን ሐኪም ልክ እንደ ልጇ ተሰብረው ፐልፓቸው የተራቆተ 60 የፊት ጥርሶችን አከመ። ከተራቆተው ፐልፕ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህሉን ብቻ በጥንቃቄ ቆርጦ፣ የቀረውን ጤነኛ ሥጋ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሸፍኖ ዘጋው። 96 በመቶው ዳነ። ከአደጋው እስከ ሕክምናው ያለፈው ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ ዘጠና ቀን ይደርስ ነበር፤ የመጋለጡ ስፋትም እስከ አራት ሚሊ ሜትር ነበር። ጊዜውም ስፋቱም ውጤቱን አልለወጡትም። ይህ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ከስብራት በኋላ ቁጣው የሚወርደው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ የልጅ ፐልፕም ደም የጠገበ ነው። በዘጠኝ ዓመት የፊት ጥርስ ሥር ገና አልተዘጋም፤ ግድግዳውም ስስ ነው። ፐልፑ ከተረፈ ሥሩ ይረዝማል፣ ይወፍራል፣ ጫፉም ይዘጋል። ከሞተ ግን ስስ ሥር ያለው፣ በትንሽ ነገር የሚሰበር ጥርስ ይቀራል። ቀናት አለፉ ብሎ የዚህን ልጅ ጥርስ የሚነቅል ሐኪም ካለ የልጁን የዕድሜ ልክ ጥርስ ወሰደ። ስብርባሪው ከተገኘ በውኃ ወይም በወተት ውስጥ እንድታመጣው፣ የልጁ ጥርስም በጉንፋን መድኃኒት ወይም በቅርንፉድ እንዳይታሸት አደራ አልኳት።

በመልስ 19 አንድ ሰው እስክትደርስ ድረስ አሞክሲሲሊን ትስጠው ብሎ መከረ። ፋርማሲስቱ በመልስ 20 ሳይውል ሳያድር አረመው። የፐልፕን ቁጣ አንቲባዮቲክ አያድነውም፤ ሕመሙንም አያበርደውም። ፊት ሲያብጥ፣ ትኩሳት ሲመጣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ሐኪም ያዛል። ወላጅ ከመደርደሪያ ገዝቶ ለልጅ መስጠት የለበትም።

ከ21 እስከ 24 ያሉት ከጉዳዩ ራቁ። አንዷ ድድ መነቀስ ነርቭ ይነካል ወይ ብላ ጠየቀች፤ የሸዋበሩ አባት የወሎ ቆንጆ በተነቀሰ ድዷ ስትስቅ ምን እንደምትመስል ጽፈው ብዙዎችን አስደሰቱ። መልሱ አይነካም ነው፤ ንቅሳቱ የሚቀረው በድዱ ሥጋ ውስጥ ነው፣ መርፌው ንጹሕ ካልሆነ ግን ሌላ በሽታ ያስተላልፋል። ሌላው ጫት ላይ ተቀምጦ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ለሰዓታት መጎንጨት ጥርስን እንዴት እንደሚጨርስ አነሣ። እርሱ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፤ ከፈለገ ይክፈተው፣ እሳተፋለሁ።

በመልስ 25 ሾፌሩ ተመለሰ። ተቆጥቶ ቢወጣም ኤክስሬይ ተነሥቶ ነበር። በመንጋጋው ሥር ጫፍ ጥቁር ጥላ ታይቷል፤ ቅዝቃዜ ሲነካውም ጥርሱ ምንም አልተሰማውም። የሥር ሕክምናው ተጀምሮለታል። ለወልድያው ባልደረባዬ ምስጋና ጻፈለት፤ ባልደረባዬም በዚያ ቀን አነጋገሩ ስለከረረበት ይቅርታ ጠየቀው። ጥርሱ ከመነቀል የተረፈው ጥላው ትንሽ ሳለ ስለተገኘ ነው።

በመልስ 26 ተማሪዋ ወንበር አጠገብ ቆሞ የሚነሣውን ጥያቄ ጠየቀች። ፐልፑ ተጋልጦ ደም ሲፈስ፣ ይሸፈን ወይስ ይቆረጥ የሚለውን በምን ትወስናላችሁ? የባልደረባዬና የእኔ መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ገጠመ። ታካሚው ከመምጣቱ በፊት ስለነበረበት ሕመም የሚነግረንን እናዳምጣለን። ጥርሱን ከምራቅ በላስቲክ ሽፋን እንለያለን። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በተባለ ተህዋሲ ገዳይ ፈሳሽ የራሰ ጥጥ በፐልፑ ላይ አኑረን እንጠብቃለን። ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ከቆመ ሥሩ ያለው ሥጋ ደኅና ነው፤ ይሸፈናል። እስከ አሥር ደቂቃ ጠብቀን ካልቆመ ቁጣው ጠልቋል፤ ጤነኛው ሥጋ እስኪገኝ ድረስ ከላይ ያለው ይቆረጣል። ያም ካልሆነ የሥር ሕክምና ይከተላል። ደም እየፈሰሰ መድኃኒት ለጥፎ መሙላት ምንም ያህል ውድ መድኃኒት ቢሆን አይሠራም፤ በመድኃኒቱና በሥጋው መካከል የረጋ ደም ይቀራል፣ ሙሌቱም አይጣበቅም። ነጭ ሙሌቱ በሙጫው በቀጥታ ፐልፑ ላይ ቢደረግስ ላለችው፣ በእንስሳት ጥርስ ተስፋ የሰጠው ይህ ዘዴ በሰው ጥርስ ላይ እንዳሳዘነ ባልደረባዬ ነገራት።

የወገል ጤናዋ እናት በመልስ 27 ለመነሣት መወሰኗን ጻፈች። ከሕክምናው በኋላ ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለባት ጠየቀች፤ መንገዱ ቀላል አይደለምና። በመልስ 28 እንዲህ አልኳት። የመጀመሪያው ሥራ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ ጥርሱ ቋሚ ሙሌት ሳይደረግለት እንዳትመለስ። ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ቢያሰቅቀው አትደንግጥ። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ድዱ ላይ እንደ ብጉር ያለ እብጠት ወይም የጥርሱ መጥቆር ከታየ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ። ካልሆነ በስድስት ወርና በዓመቱ ኤክስሬይ ይነሣል። በእነዚያ ሁለት ጊዜዎች የምናየው ድልድዩን ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ከጎኑ ካለው ጤነኛ ጥርስ እኩል እየረዘመና እየተዘጋ መሆኑን እናነጻጽራለን። ሁለተኛው ቀጠሮ ከትምህርት ቤት መዘጊያ ጋር እንዲገጥም አድርገን እንይዝላታለን።